ብረት ወይስ ቀፎ

እኛ ቤት የሚያጣላን ነገር ሁለት ነው። አንደኛው የቴሌቪዥኑ ድምፅ ነው፤ ሁለተኛው የአባቴ መኪና አናቷ ላይ ምን ትልበስ የሚለው ጥያቄ ነው። የመጀመሪያውን እናቴ ትዳኘዋለች። ሁለተኛውን ግን የሚዳኝ ጠፍቶ ነበር፤ አባቴ ግትር ነው፣ እኔም የእሱ ልጅ ነኝ።

መኪናዋ ሰው አትጭንም። ርዝመቷ ከክንድ ብዙም አያልፍ፣ ጎማዎቿ የሻይ ሳህን ያክላሉ፣ የምትነዳውም በሪሞት ነው። ግን አባቴ ፊት «መጫወቻ» ብላችሁ እንዳትጠሯት! የባትሪ አይደለችማ። ጡጫ የምታክል እውነተኛ ሞተር አላት፤ ናይትሮ የሚባል ለእሷ ብቻ የተሠራ ነዳጅ ትጠጣለች፤ ካርቡራተር አላት፣ ማርሚታ አላት፣ ታጨሳለች፣ ትሞቃለች፣ ስትፈልግ ደግሞ ታኮርፋለች። ስትነሳ ድምፅዋ ጣሳ ውስጥ የገባ ተርብ ነው። ኮተቤ ግቢያችን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ያስነሳናት ዕለት የሰፈሩ ውሻ ሁሉ አብሯት ጮኸ። እናቴ ማማሰያዋን እንደያዘች ወጥታ «ግቢዬ ውስጥ ምን ገባ?» አለች።

ልንገዛ የሄድነው እኮ ፍሪጅ ነበር። ጉርድ ሾላ እኔ በምሠራበት ቢሮ አንድ ባልደረባዬ ወደ ክፍለ ሀገር ተዛውሮ ዕቃውን ይሸጥ ነበርና፣ አባቴን ይዤው ሄድኩ። ፍሪጁ ጥሩ ነበር። አባቴ ግን ፍሪጁን አልከፈተውም፤ ከአናቱ ላይ የተቀመጠችውን መኪና በሁለት እጁ አውርዶ ሞተሯን በጣቱ ይዳስስ ጀመር። «ይቺ ትሠራለች?» አለ። ባልደረባዬ በረንዳ ላይ አውጥቶ አስነሳለት። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ያን ድምፅ ሲሰማ ፊቱ ሲበራ አየሁ፤ እኔ ስመረቅ እንኳ እንደዚያ አልበራም። ፍሪጁን ሌላ ሰው ወሰደው።

ይህ የሆነው አባቴ መንጃ ፈቃዱን ሊያሳድስ ሄዶ የዓይን ምርመራውን በወደቀ ሰሞን ነው። ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው አለን። የሄደው የዓይን ብርሃን አይመለስም፤ ያዘዘለት ጠብታ የቀረውን ለማቆየት ነው። አባቴ ቤት ሲገባ የአሮጌ መኪናውን ቁልፍ እናቴ መዳፍ ላይ አስቀመጠና በረንዳ ላይ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። መቀመጥ የማያውቅ ሰው ነበር። ጠዋት እዚያ ትቼው ሄጄ ማታ ስመለስ እዚያው አገኘው ጀመር፤ አንጀቴን ይበላኝ ነበር።

ከዚያ ወንበር ያስነሳችው ይቺ መኪና ናት። እሷን መንዳት ካቃተው ወደ ወንበሩ እንደሚመለስ እኔም አውቃለሁ፣ እናቴም ታውቃለች። ያለ ፍሪጅ ስንከርም አንድ ቀን ያላጉረመረመችው ለዚህ ነው። እናቴን ለሚያውቃት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

እንጦጦ ላይ፣ ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን በጣም ራቅ ብሎ፣ ባሕር ዛፉ የሳሳበት አንድ ሜዳ አለ። እሁድ ከሰዓት በኋላ ናይትሮ መኪና ያላቸው ጥቂት ሰዎች እዚያ ይሰበሰባሉ። የባንክ ሠራተኛ አለ፣ አስተማሪ አለ፣ የታክሲ ሹፌር አለ። የሁሉም አለቃ ግን ጉርድ ሾላ ላይ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ያለው ነጋዴ ነው። ሜዳውን ያገኘው እሱ፣ አሮጌ ጎማ ደርድሮ መሮጫውን ያበጀው እሱ፣ ሰዉን በፒካፑ ለቃቅሞ ሽቅብ የሚያወጣው እሱ። ሰውነቱ ግዙፍ፣ ድምፁ ቀጭን፣ አባቴን «ጋሼ» እያለ በአክብሮት የሚያናግር ሰው ነው። በመኪናው አይቀልድም፤ ከተሸነፈ ሳምንቱን ሙሉ ደንበኛ ላይ ይነጫነጫል ይባላል።

ሜዳው ላይ ሁለት ወገን አለ። ብረቶችና ቀፎዎች።

ቀፎ የምንለው ስስ የላስቲክ አካል ነው። የእውነተኛ ፒካፕ መልክ አለው፤ መስኮቱ፣ መብራቱ፣ ኮፈኑ ሁሉ ተስሎበት መኪናዋ ላይ እንደ ቆብ ይደፋና በትንንሽ የሽቦ ቁልፍ ይያዛል። ብረት ደግሞ ጣት የሚያህሉ ቱቦዎች ተጠማዝዘውና ተጠላልፈው ሞተሩን ከላይ የሚያቅፉት ነገር ነው። መልክ የሚባል የለውም፤ አጽም ነው። መኪናዋ ስትገለበጥ መሬት የሚነካው ብረቱ ነው፣ ሞተሩ አይጎዳም። የቀፎ ሰዎች የብረት ሰዎችን «ራቁታችሁን አትሂዱ» እያሉ ይተርቧቸዋል። የብረት ሰዎችም «መኪና ነው የምትነዱት ሙሽራ ነው የምትድሩት?» ይላሉ። ነጋዴው የቀፎዎቹ ቁንጮ ነው፤ አንድ ቀፎ ከሁለት እሁድ በላይ አይደግምም። አባቴ ብረት ነው። «ብረት ሲገለበጥ ይነሳል። ቀፎ ሲገለበጥ ይለቀስለታል» ይል ነበር።

እኔ መጀመሪያ ከማንም ወገን አልነበርኩም። ወገን ያስያዘኝ የነጋዴው ቅልጥም ነው።

አንድ እሁድ አራት መኪኖች አብረው ተነሱ። አባቴ ጥሩ ጀመረ። ሁለተኛው ዙር ላይ አራቱም ከዛፎቹ ጀርባ ተቃቅፈው ሲወጡ የአባቴ መኪና መታጠፍ ሲገባት ቀጥ አለች። በጎማዎቹ መሀል አልፋ፣ በሙሉ ጉልበቷ ሄዳ የነጋዴውን ቅልጥም መታችው። እንደዚያ ያለ ግዙፍ ሰው እንደዚያ ቀጥኖ ሲጮኽ ሰምቼ አላውቅም። መሬት ላይ ቁጭ ብሎ እግሩን እያሸ ቆየ። አባቴ ሪሞቱን እንደያዘ «ማንን ነው? ማንን ነው?» ይላል። ማንን እንደመታ አላየም። ሁላችንም ያን ጊዜ ገባን።

ነጋዴው እያነከሰ መጣ። «ጋሼ፣ ለእኔ ግድ የለም፣ የእኔ ቅልጥም የበሬ ነው» አለ። «ግን እዚህ ልጅ ይዞ የሚመጣ አለ። ወላሂ ልጅ ቢሆን ይሰበር ነበር። ከእንግዲህ ከአንድ መኪና ጋር ብቻ ይሮጣሉ። ደግመው ሰው ከነኩ ደግሞ ሪሞቱን ለልጅዎ ይሰጣሉ። አይቀየሙኝ።»

አባቴ «ልክ ነህ» አለ። ስንወርድ ከፒካፑ ኋላ ተቀምጦ መኪናዋን እንደ ሕፃን ታቅፏት ነበር። እኔ ውስጤ ይፈላል። በነጋዴው አልተናደድኩም፤ እውነቱን ነው። በዚያ በጥቁር ብረት ነው የተናደድኩት።

ማታውኑ ጀመርኩት። «አባዬ፣ ብረቱ ጥቁር ነው፣ መሬቱ ቡናማ ነው፣ የባሕር ዛፉ ጥላ ጥቁር ነው። እኔም እኮ ራቅ ስትል አላያትም! ፊቷና ኋላዋ አይለይም። ቀፎ እናልብሳት፤ ደማቅ ቀለም እንቀባት። ነገር በዓይን ይገባል ሲባል አልሰማህም?»

«ዓይኔ ምንም አልሆነም።»

«እኔ ስለ ዓይንህ ምን አልኩ?»

«ታዲያ ስለ ማን ዓይን ነው የምታወሪው?»

እናቴ ቴሌቪዥኑን ከፍ አደረገችው። እኔ ግን አልበርድ አልኩ። እንጦጦ አናት ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ሞተሩም እንደ ሰው ያለከልካል፤ ታዲያ ያን ሁሉ ብረት ለምን እናሸክመዋለን? ቀፎ ቀሊል ነው አልኩት። እሱም ቀፎ ይሰነጠቃል፣ ሙቀት ያምቃል አለ። በመጨረሻም «ደግሞ ድምፅዋን ያፍነዋል» አለ።

«ድምፅዋ ምን ያደርግልሃል? ልትዘፍንልህ ነው?»

ተነስቶ ወደ መኝታው ሄደ። እኔም ረታሁት ብዬ ደስ አለኝ።

ቀፎው በሰው በሰው ከዱባይ መጣ። እንደ ብርጭቆ ጥርት ያለ፣ ቀለም ያልነካው ነበር። እኔ እንግዲህ በጥፍር ቀለም የሚተማመን እጅ አለኝ። ቅዳሜ ጠዋት ግቢው መሀል ጋዜጣ አንጥፌ፣ ፊቷን እሳት የመሰለ ብርቱካናማ፣ ኋላዋን ነጭ አድርጌ በብሩሽ ቀባኋት። አባቴ አጠገቤ ቆሞ በነገር ይወጋኛል፤ ግን በአቀባቡ ላይ አልተከራከረም። «ቀለም ከውጭ ነው፣ ደጋግመሽ አልብሺው» አለ እንዲያውም። ዕድሜ ልኩን ከውስጥ የተቀባ አውቶቡስ አላየማ! ስጨርስ ፀሐይ ላይ አስቀምጬ እያየሁ ልቤ በኩራት ሊፈነዳ ደረሰ። ጎረቤት ጠርቼ አሳየሁ።

ግቢ ውስጥ ስንሞክራት አንዴ ተገለበጠች። አንዴ ብቻ! ቀለሙ እንደ ተቀቀለ እንቁላል ልጣጭ ተልጦ መሬት ላይ ቀረ። ለነጋዴው ደውዬ ስነግረው ከሳቁ የተነሳ ስልኩ ከእጁ ወደቀበት። «እህቴ፣ ይሄ እኮ ከውስጥ ነው የሚቀባው! ውጪው መሬት ይፋጨዋል፣ ቀለሙ ግን ውስጥ ሆኖ ይታያል። እስቲ አሁን በየትኛው ሱቅ ነው ከውጭ ቀቡ ያሏችሁ?» በየትም ሱቅ አላሉንም። ስንጨቃጨቅ የኖርን አባትና ልጅ በአንድ ነገር ብንስማማ እሱም ስህተት ሆነ። ሁለታችንም እስክናለቅስ ሳቅን። ከዚያ ወዲያ ቀለሙን ፍቄ ከውስጥ ቀባሁት። ስጨርስ አባቴ ፊት አቀረብኩለት። በእጁ ዞር ዞር አድርጎ ዳሰሰውና «አምሮበታል» አለ።

ቀፎ ለብሳ የምትወጣበት የመጀመሪያው እሁድ ደረሰ። የፒካፑ ጡሩምባ በር ላይ ሲጮኽ እኔ ብረቱን ፈትቼ ገና የቀፎውን የሽቦ ቁልፎች እያስገባሁ ነበር፤ አንዱን እየሮጥኩ፣ ሌላውን ፒካፑ ላይ እየዘለልኩ ሰካሁት። መንገዱን በሙሉ ቀፎዋን ለሰው አሳያለሁ። ነጋዴው እንኳ በመስኮቱ ብቅ ብሎ «ማሻአላህ፣ ጋሼ ከእኛ ወገን ሆኑ!» አለ። አባቴ «እኔ ብረት ነኝ። ይቺ ናት የከዳችው» ብሎ በአገጩ ወደ እኔ ጠቆመ።

ውድድሩ ከነጋዴው ጋር ነው፤ ሁለት መኪና ብቻ። እኔ ከአባቴ ጎን ቆምኩ። ተነሱ!

እኔ እንዴት እንደማያት! ብርቱካኗ ከዛፎቹ መሀል ቦግ ትላለች። ከሜዳው ወዲያ ማዶ ሆና እንኳ ፊቷ ከኋላዋ ይለያል። አሁንማ ይነዳታል ብዬ ወደ አባቴ ዞርኩ። አባቴ ግን ግራ ገብቶታል። አንገቱን አስግጓል፤ ጆሮውን ወደ ሜዳው ያዘነብላል። መኪናዋ እንደ ሰካራም ትዋልላለች። አንዱን ጎማ ገጨች፣ ወደ ኋላ ተመለሰች፣ እንደገና ገጨች። ነጋዴው አንድ ሙሉ ዙር ቀደመን። ሰው ሁሉ ዓይኑን ከእኛ አነሳ፤ ይህ ከሳቅ ይብሳል።

«አባዬ፣ ግራ! ቦግ ያለችው እኮ እሷ ናት!» አልኩት።

«አውቃለሁ!» ብሎ ጮኸብኝ። አያውቅም ነበር።

ይሄኔ ነው ጉብታው ላይ የደረሰችው። ጉብታው መኪኖቹ የሚዘሉበት የአፈር ክምር ነው። ዘለለች፣ በአፍንጫዋ አረፈች፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው ቁልፎቹ ተስፈነጠሩና ያ ስንት የደከምኩበት ቀፎ ከላይዋ ተነስቶ እንደ ቆብ ሄደ። መኪናዋ ራቁቷን ቀረች። ብረት የላት፣ ቀፎ የላት! ሞተሯ፣ ማርሚታዋ፣ ሽቦዋ ሁሉ ሜዳ ላይ ተሰጥቶ። እንደዚያ ሆና አንዴ ብትገለበጥ ሞተሩ ያበቃለታል፤ ሌላ ሞተር ደግሞ እዚህ አገር ፈልጋችሁ አታገኙም።

«አቁም! አባዬ አቁማት!» እያልኩ ወደ ሜዳው ሮጥኩ። ቀፎዬን ከአቧራ ውስጥ አነሳሁና ዞር ስል መኪናዋ በአጠገቤ እንደ ጥይት አለፈች። ተጠማዘዘች። አምልጣ ሳይሆን ተነድታ፣ ከጎማው አንድ ጣት ርቃ፣ ልክ በልኩ ታጠፈች! ድምፅዋ አሁን ጥርት ብሎ ባሕር ዛፉን ይሰነጥቃል። ቀጥታው ላይ ወፈረ፣ ጠጠሩ ላይ ተንተባተበ፣ ጉብታው ላይ ስትዘል ቀጠነ። እያንዳንዱ ለውጥ ላይ የአባቴ ጣት ይከተላል። አንድ ዙር ቀድሞን የነበረውን ነጋዴ መልሳ ያዘችው። ሰው ሁሉ ይጮኻል። የባንኩ ሠራተኛ ኮፍያውን መሬት ላይ መታው።

«አባዬ አቁማት፣ ትሰበራለች!»

«ተዪኝ! አሁን ገና ሰማኋት!» አለኝ።

ቀና ብዬ ፊቱን አየሁት። ዓይኖቹ ተጨፍነው ነበር።

ቀፎውን ታቅፌ ቆሜ ቀረሁ። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ከንፈሩን ነክሶ፣ ፊቱ እንደዚያ የፍሪጁ ቀን በርቶ ይነዳል። ድምፅዋን ያፍነዋል ያለኝ ይሄንን ነበር። እኔ ቀለም ስመርጥ፣ ስፍቅ፣ ስቀባ የከረምኩት ለራሴ ዓይን ነው። ሳቅም ለቅሶም አንድ ላይ መጣብኝ፤ እየሳቅኩ አለቀስኩ።

ያን ቀን ነጋዴው ባለቀ ሰዓት ለጥቂት ቀደመን። መኪናዋ ግን ሳትገለበጥ ገባች፤ ማንንም አልነካችም። አባቴ ሞተሩን አጥፍቶ ዓይኑን ሲገልጥ እኔ ፊቱ ቆሜ ነበር። «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኩት።

«ቅርብ ስትሆን ጥላ ትመስለኛለች» አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ራቅ ስትል ዓይኔ ይዋሸኛል፤ እዚህ ጋ ናት ይለኛል፣ የለችም። ስጨፍነው አይዋሸኝም። መንገዱን ደግሞ አንዴ ካወቅሁት አውቄዋለሁ፤ የአውቶቡስ መስመር እንደዚሁ ነው። አራት ሲሆኑብኝ ነው ድምፅዋ የሚጠፋኝ። ከአንድ ጋር ከሆነ እለያታለሁ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ እንድነዳ ትተዪኝ ነበር?»

እውነቱን ነው። ሪሞቱን ቀምቼ ወንበሩ ላይ አስቀምጠው ነበር። ይህን እያሰብኩ ቀና ስል ነጋዴው አጠገባችን ቆሟል። ሰምቶናል። ደግመው ከነኩ ያለው ሰው፣ አሁን ደግሞ ዓይኑን ጨፍኖ እንደሚነዳ ሰማ። አለቀልን አልኩ። እሱ ግን ጢሙን እያሸ ወደ ፒካፑ ሄደ። ሳምንቱን ሙሉ ይደውላል ብዬ ስልኬን ሳይ ከረምኩ። እናቴ ነገሩን ስነግራት «ከከለከሉት ለእኔ ይንገሩኝ፣ እኔ ነኝ የማናግራቸው» አለች።

ለሚቀጥለው እሁድ ብረቱን መልሼ ያሰርኩት እኔ ራሴ ነኝ። ብሎኖቹን ቅዳሜ ማታ፣ ቁጭ ብዬ፣ አንድ በአንድ አጠበቅሁ። ቀፎዬን ቁም ሳጥን አናት ላይ ወረወርኩት። ስንነሳ አባቴ «ከዳሽ ማለት ነው?» አለኝ። «ዝም ብለህ ንዳ» አልኩት።

ሜዳው ስንደርስ የሆነ ነገር ተለውጧል። ነጋዴው ቀድሞ ሰው ልኮ የጎማውን አጥር በሰው ቁመት አስደርድሮታል። ተመልካቹን በሙሉ ከጀርባው አስቁሞታል። መኪናቸውን ሲያሞቁ የነበሩትን በእጁ ምልክት ሰጣቸው፤ አንድ በአንድ ሞተራቸውን አጠፉ። ሜዳው ጭር አለ። የባሕር ዛፉ ቅጠል ሲፋጭ ይሰማል።

«ምን ሆናችሁ?» አለ አባቴ።

«ጋሼ» አለ ነጋዴው በዚያ በቀጭን ድምፁ፣ «ተማክረን ነው። እርስዎ ሲሮጡ ማንም ሞተር አያስነሳም። የእርስዎን ብቻ ይሰማሉ። ሜዳው የእርስዎ ነው፤ እስከፈለጉ ድረስ ይንዱ።»

እኔ ዓይኔ ሞላ። ከወንበሩ ዳነ ብዬ ነጋዴውን አቅፌ ልስመው ትንሽ ቀረኝ። አባቴ ግን ሪሞቱን ዝቅ አደረገው። ግንባሩ ላይ ያ የማውቀው ደም ሥር ተገተረ።

«ብቻዬን?» አለ።

«አዎ ጋሼ።»

«ብቻዬን ሮጬ ማንን ልቀድም? ዛፉን?» ጮኸ። «እኔ ለሽርሽር ነው ይህን ተራራ የምወጣው? አንተ! ባለፈው ለጥቂት ነው ያመለጥከኝ። አስነሳ ያቺን ሙሽራህን!»

ነጋዴው ወደ እኔ ዞረ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ከጎማው አጥር ጀርባ ያሉትን ሰዎች አየሁ፤ አጥሩን አየሁ፤ አባቴን አየሁ። ፈርቼ ነበር። «አስነሳ!» አልኩት።

አስነሳ። ሁለቱ ተርቦች አብረው ጮኹ። አባቴ ዓይኑን ጨፈነ፣ አንገቱን አዘነበለ፣ የራሱን ለይቶ ያዘ። ያን ዕለት የሮጡትን ሩጫ መቼም አልረሳውም። አንዴ ብረቷ ትቀድማለች፣ አንዴ ቀፎዋ። ከዛፎቹ ጀርባ ጎን ለጎን ገብተው ጎን ለጎን ወጡ። አንድ ጊዜ የነጋዴው መኪና ገፋቻትና የአባቴ ተገለበጠች፤ በብረቷ ተንከባልላ በአራት እግሯ ቆማ ሞተሯ ሳይጠፋ ቀጠለች። ሰው አበደ። እኔ ድምፄ እስኪዘጋ ጮኽኩ። የመጨረሻው መታጠፊያ ላይ አባቴ መርቶ ገባ፤ ትንሽ ቀደም ብሎ ታጠፈ፣ ጎማ ነካ፣ ዘገየ። ነጋዴው በአፍንጫ ቀደመ።

«ቀድመህ ነው የተነሳኸው!» አለ አባቴ ዓይኑን ገና ሳይገልጥ።

«ጋሼ ተሸንፈዋል!» ብሎ ጮኸበት ነጋዴው። ከቅልጥሙ ወዲህ እዚያ ሜዳ ላይ ያለ ሰው ሁሉ አባቴን እንደ በሽተኛ ዝግ ብሎ፣ ለስለስ አድርጎ ነበር የሚያናግረው። አሁን ግን ነጋዴው አንገቱ ሥር ቆሞ፣ ላብ በላብ ሆኖ፣ የቀደመበትን የመጨረሻ ጎማ በጣቱ እያሳየ «በንጹሕ ነው የቀደምኩት! ወላሂ በንጹሕ ነው!» እያለ ይጮኻል። አባቴም ሪሞቱን እያወዛወዘ ይጮኻል። እኔም መሀላቸው ገብቼ ገፍተኸን ነው ያሸነፍከን እያልኩ በተዘጋ ድምፄ መጮኽ ጀመርኩ።